እሜቴ ዘነበች ዕቃ ያሰናበቱበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ባዶ ካርቶን ደራርባ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መጣችብኝ። «እማዬ፣ ይሄ ቤት እኮ መጋዘን ሆኗል። ዛሬ ግማሹ ዕቃ ይወጣል፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለች። ተቀመጥኩ። ልጆች ሲያድጉ መታዘዝ የእናት ተራ ነው። መጀመሪያ የተሰነጠቀ ሲኒ ሁሉ ወጣ፣ ቀጥሎ ክዳን የሌለው ድስትና ድስት የሌለው ክዳን። የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ስትከፍተው ግን የደረቀ አሪቲ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በልብሶቼ መሀል ለብል ብዬ የማስቀምጠው ነው።

«ይሄ ጭድስ?» አለች፣ አንስታ ወደ ከረጢቱ ልትወረውረው።

«አትወርውሪው። ቢያንስ በወጉ አሰናብቺው» አልኳት።

የጃጀሁ መስሏት ትክ ብላ አየችኝ። ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ። ዕቃ ማሰናበት ግን የእርጅና አይደለም፣ የእሜቴ ዘነበች ነው። ካርቶኑን ገልብጣ እሱ ላይ ቁጭ አለችና «በይ ንገሪኛ» አለችኝ።

እሜቴ ዘነበች ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። እናቴ እኔን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች ሞተች። አባቴ የእሜቴ ባል የባላምባራስ አሽከር ነበር፤ ጣሊያን ሲመጣ ጌታውን ተከትሎ ሲዘምት እኔን ለእሜቴ አደራ ብሎ ሄደ። ጌታም አሽከርም አልተመለሱም። ሞቱ የሚል ሰው አልመጣም፣ አሉ የሚልም አልመጣም። እንደዚያ ተንጠልጥለን ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በባላምባራስ ግቢ እሳቸውና እኔ እንኖር ነበር። ከድሮው አሽከር ሁሉ የቀረው አያ ደበሌ ብቻ ነው። የሱሉልታ ሰው ነው፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድምፁ የማይሰማ፣ ትከሻው ብቻ የሚስቅ። በር የሚጠብቀውም እንጨት የሚፈልጠውም እሱ ነበር።

እሜቴ አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጡ ነበሩ። በወጣትነታቸው የአንድ ትልቅ መኮንን ቤት ጓዳ አዛዥ ስለነበሩ ማዘዝ ያውቁበታል። የሚያዙት ሰው ሲያልቅባቸው ዕቃ ማዘዝ ጀመሩ። በሩ ሲጢጥ ሲል «ሰምቼሃለሁ፣ ዝም በል» ይሉታል። ድስቷ ስትገነፍል «አንቺ ደግሞ ምን ያጣድፍሻል?» ይሏታል። ከጓዳ ሆኜ ስሰማቸው ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስለኝ ነበር።

የሞላበትስ ዕቃ ነው። ግብር ሲበላ የተሠሩ በርጩማዎች አዳራሹ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደራርበዋል። በቅሎዋ ከሞተች ዓመታት ያለፉት ኮርቻ አለ፣ ጠላ ከተጠመቀባቸው የቆዩ ጋኖች አሉ፣ ጠፍሩ የላላ አልጋ አለ። አንዱን ለማምጣት ሦስቱን ማንሳት ነው። እልፍኙ ጥግ ላይ ደግሞ ትልቁ የጥድ ሳጥን፣ የባላምባራስ ልብስ ያለበት። እሜቴ በየወሩ ይከፍቱታል፤ አሮጌውን አሪቲ አውጥተው ትኩስ ያስገባሉ፣ ካባውን ያራግፋሉ፣ ጥቁሩን በርኖስ ፊታቸው ላይ አድርገው ትንሽ ይቆያሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። «ሰውዬው ሲመጣ ብል የበላው አይለብስም» ይላሉ። የአሪቲ ሽታ የባላምባራስ የራሳቸው ሽታ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ሲዘምት ሽታውን ሳጥን ውስጥ ትቶ የሚሄድ።

ግንቦት ላይ አንድ አስተርጓሚ ሁለት ነጭ ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ከእሜቴ ጋር ሲነጋገሩ እኔ ጓዳ በር ጀርባ ነበርኩ። ሲወጡ አንዱ ወታደር የግቢያችን በር ላይ በቀይ ቀለም ሁለት መስመር አጣምሮ አሰመረ። መስቀል ነው አልኩ። በሰው በር ላይ መስቀል የሚስሉ ሰዎች ምን ክፋት ይኖራቸዋል? ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጎንበስ ብዬ ሳምኩት። ከንፈሬም አፍንጫዬም ቀላ። እሜቴ ሲያዩኝ መቆጣትና መሳቅ ተምታታባቸው። በነጠላቸው ጫፍ አፌን እየፈገፈጉ «ይሄ የሚሳለሙት አይደለም አስካለ፣ ውጡ የሚል ነው» አሉኝ።

ግቢው ለጣሊያን መጋዘን ተፈልጎ ኖሯል። ክረምት ሳይገባ ልቀቁ ተባልን።

ማደሪያ ያገኘልን ጋሽ ሻንካ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሸማኔ ነው፤ ለእሜቴ ቤት ኩታና ጋቢ ሲሠራ ነው ጸጉሩ የሸበተው። እሱ ከሚሠራበት ክፍል ቀጥላ ያለችውን አንዲት ክፍል ለቀቀልን። እሜቴ ሊያዩዋት ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የበቅሎዋ ጋጣ ይሰፋታል። እሜቴ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው በዓይናቸው ዞሯት። ከመቀነታቸው ሲባጎ አወጡና ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ለክተው ቋጠሩበት።

«እዚህ የእኔ መደብ» አሉ። «እዚያ ምድጃው። ይሄኛው ደግሞ...» ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዩ።

«እዚያማ የባላምባራስ ሳጥን ነዋ እሜቴ» አለ ጋሽ ሻንካ። «ልክክ ይላል።»

«እናያለን።»

እኔም በበኩሌ አየሁ። መደብ፣ ምድጃ፣ ሳጥን። ከዚያ የሚተርፈው በሩ ሲከፈት የሚዞርበት ነው። ስለ እኔ ማንም ምንም አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ያኔ ልጅ አይጠይቅም፤ ጆሮውን አቁሞ የመጣለትን ይሰማል፣ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤታችን ስንብት ሆነ። እሜቴ ጠዋት ጠዋት ሲባጎውን ይዘው ወደ አንድ ዕቃ ይሄዳሉ። ይለኩታል። ከክፍሏ ልክ ጋር ያስተያዩታል። ከዚያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠይቁታል፤ «አንተ፣ አምና ምን ሠራህልኝ?» ዕቃው ዝም። «ካቻምናስ?» አሁንም ዝም። ያን ጊዜ በመኳንንቱ ቤት አሽከር እንደሚሰናበተው አድርገው ያሰናብቱታል። ጥፋቱ ይነገረዋል፣ ውለታው ይነገረዋል፣ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ይነገረዋል፣ ይመረቃል። ሳይመረቅ ከዚያ ግቢ የወጣ ማንኪያ እንኳ የለም።

ትልቁን ጠረጴዛ እንዲህ አሉት፤ «ስንቱን አብልተሃል። አንድ እግርህ ያነክስ ነበር፣ እኔም ጠጠር ሳደርግልህ ኖሬያለሁ፤ ተቻችለናል። በል አሁን አመለወርቅ ቤት ሂድ። ልጆች ይወጡብሃል፣ ታገሳቸው።»

የምታፈሰዋን ማንቆርቆሪያ ግን አልማሯትም። «አንቺን አላሞግስሽም። ስታፈሺ ኖረሽ ስታፈሺ ትሄጃለሽ። ብቻ ይቅር ለእግዜር።»

እትዬ አመለወርቅ ጎረቤታችን ናት። እጇ ለመቀበል፣ አፏ ለመምከር የማይሰንፍ ሴት ነበረች። ጠረጴዛውን ለልጆቿ አሸክማ ከላከች በኋላ «ኧረ እሜቴ፣ የሆነ ቦታ ያስቀምጡት እንጂ። ነገ ጊዜው ሲመለስስ?» አለቻቸው።

«ጊዜው ሲመለስ በርጩማ አላጣም» አሉ እሜቴ። «እውነቱን ልንገርሽ? ይሄን ሁሉ ዓመት የቤቱ እመቤት መስዬ፣ ለካ የዕቃው ዘበኛ ነበርኩ። ሳራግፍ፣ ስወለውል፣ ስቆልፍ ዕድሜዬ አለቀ። ደግሞም ጣሊያን ከሚወርሰኝ አንቺ ብትወርሺኝ ይሻለኛል። በጥቂቱ።»

አያ ደበሌ ትከሻው ሳቀ።

እውነትም ዕቃው በወጣ ቁጥር እሜቴ እየቀለሉ መጡ። ድሮ ከሰዓት በኋላ ሲወለውሉ የሚውሉት ሴት አሁን አዳራሹ መሀል፣ በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ላይ ጀንዲ አንጥፈው ቁጭ ይላሉ። እኔንም አጠገባቸው አስቀምጠው እንዝርት ማሾር አስተማሩኝ። ክሬ አንዴ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል፤ «ጋሽ ሻንካ ይሄን ካየ ሙያውን ይተዋል» እያሉ ይስቃሉ። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ሳቃቸው ግድግዳውን ነክቶ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ሲስቁ መስማቴን እንጃ። እንዲህ ደስ ያለኝ ጊዜ አልነበረም፤ እንዲህ የፈራሁበትም ጊዜ አልነበረም።

ፍርሃቴ ይሄ ነው። ሕጉ ገብቶኝ ነበር። ሲባጎ የነካው ዕቃ ይሄዳል። ጠረጴዛው ተለካ፣ ሄደ። አልጋው ተለካ፣ ሄደ። ሙቀጫው እንኳ ተለክቶ ሄዷል። ተለክቶ የቀረ ሳጥኑ ብቻ ነው፣ እሱም ልክክ ስለሚል። እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ እሜቴ አጠገቤ ተንበርክከዋል።

«አትንቀሳቀሺ። እግርሽን ዘርጊ» አሉኝ።

ሲባጎው ከአናቴ እስከ ተረከዜ ሲሄድ ተሰማኝ። ተረከዜ ጋ ትንሽ ቆዩ፣ በእጃቸው የሆነ ነገር አደረጉ፣ ቋጠሩ፣ ተነሥተው ወጡ። አምና ምን ሠራሽልኝ አላሉኝም። ያልጠየቁኝ አዝነውልኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

መልስ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ምን ሠራሁላቸው? መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፤ የእሳቸው ዓይን አይችልም። ምስር እለቅማለሁ። ከጎረቤት እሳት እጭራለሁ። እንዳይረሱት ብዬ ሁሉንም እጥፍ አድርጌ መሥራት ያዝኩ። ግቢውን ጠርጌ ጠርጌ አፈሩን ጨረስኩት። የቤቱ መርፌ ሁሉ ላይ ክር አስገብቼ የአያ ደበሌ መቀመጫ ሰሌን ላይ ሰካሁት፤ እሱም ደክሞት ሊቀመጥ ሲል ዘሎ ተነሣ። «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» አሉ እሜቴ።

ማስቀረቱ ካልሆነ ደግሞ ማን ይወስደኛል የሚል ሌላ ጭንቀት ነበር። እትዬ አመለወርቅን አልፈለግኩም፤ ልጆቿን ፊት ስታጥብ ትልጣለች። ጋሽ ሻንካ መልካም ሰው ነው፣ ግን የእኔን ክር አይቶታል። አያ ደበሌ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፣ ላምም አለችው። ለአያ ደበሌ ይስጡኝ ብዬ ለማርያም ተሳልኩ፤ የተሳልኩት የራሴን ክር ጥቅልል ነው፣ ሌላ ምን አለኝ።

«አያ ደበሌ፣ ላምህ ትራገጣለች?» አልኩት አንድ ቀን።

«የለም፣ ጨዋ ናት። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

የምንወጣበት ቀን ደረሰ። ሰኔ ነው፣ እንጦጦ ላይ ደመናው ጠቁሯል። የቀረው ዕቃ ሁሉ ግቢው ውስጥ በተርታ ተደረደረ፣ እያንዳንዱም የሚወስደው ሰው አጠገቡ ቆሟል። እትዬ አመለወርቅ ከነልጆቿ አለች፣ ጋሽ ሻንካ ሊያግዘን መጥቷል። ከጧት ጀምሮ ማንም አላየኝም። ታጥቤ፣ የዓመት በዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ሌላዋን ቀሚሴን በጨርቅ ቋጥሬ ወጣሁ። ለአያ ደበሌ ከተመደበው ጋንና ከኮርቻው መሀል ቦታ ነበር። እዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተራዬን ጠበቅኩ።

እሜቴ ከተርታው ጫፍ ጀምረው እያሰናበቱ መጡ። ጋኑ ጋ ሲደርሱ ሆዱን መታ መታ አደረጉት። «ሆድህ ሰፊ ነው፣ ስንት የሰከረ ሰው ያወራውን ሰምተህ ለማንም አላወጣህም። ከደበሌ ጋር ሂድ። ገብስ ያስገባብሃል፣ አትጎዳም።» አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ» አልኩ። «ምስር እለቅማለሁ። እሳት እጭራለሁ። ሌላም እለምዳለሁ።» ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ። «ካልሆነም ለአያ ደበሌ ይስጡኝ። ላሙ አትራገጥም።»

እትዬ አመለወርቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። አያ ደበሌ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እየሳቀ ግን አልነበረም።

እሜቴ ቀስ ብለው ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። «ትሰናበቻለሽ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«ለኩኝ እኮ» አልኩ። «በሲባጎው።»

ለባላምባራስ እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሱት ሴት እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ለመጥረግም አልሞከሩም። «ወይ ዘነበች» አሉ ለራሳቸው። «ከዕቃ ጋር ሳወራ ሰው ማናገር ረሳሁ።» እጄን ይዘው ከተርታው መሀል ጎትተው አወጡኝ። የቋጠርኳትን ጨርቅ ከእጄ ወስደው የራሳቸው ጓዝ ላይ ጣሏት። ከዚያ ቀና ብለው «ደበሌ፣ ሳጥኑን አውጣው» አሉ።

«የባላምባራስን?»

«ሌላ ሳጥን አለን?»

አያ ደበሌና ጋሽ ሻንካ ተጋግዘው አወጡትና እኔ ተቀምጬበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጡት። እሜቴ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ከፈቱት። የአሪቲው ሽታ ግቢውን ሞላው። ካባውን ለደብሩ እንዲሰጥ ለጋሽ ሻንካ አስያዙት። እጀ ጠባቡንና ሱሪውን ከነሳጥኑ ለአያ ደበሌ አሉ። በርኖሱን ብቻ አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ከበደኝ፣ ጫፉ መሬት ጠረገ።

«እሜቴ፣ ባላምባራስ የመጡ እንደሆነስ?» አለች እትዬ አመለወርቅ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከመጣ በርኖሱን ከልጅቷ ይቀበል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል?»

ሁላችንም የሳጥኑን ስንብት ጠበቅን። እጃቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው ቆዩ። «አንተን አምና ምን ሠራህልኝ አልልህም» አሉት። «ተስፋዬን ጠብቀህልኛል። አሁን ግን ቦታው ሰው ይተኛበታል። በሰላም ሂድ።» ክዳኑን ዘጉት እንጂ አልቆለፉትም።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። በግድግዳው በኩል የጋሽ ሻንካ ልጆች ጫጫታ ይሰማል። ክፍሏ ውስጥ የእሜቴ መደብ፣ ምድጃው፣ አንድ ድስት፣ አንድ ፋኖስ፣ ሁለት ዋንጫና እንዝርታችን አሉ። ያ ብቻ ነው፤ የጎደለ ነገር ግን አልታየኝም። ውስጠኛው ግድግዳ ሥር ገለባ ተጎዝጉዞ ጀንዲ ተነጥፎበታል። እሜቴ ሲባጎውን ከመቀነታቸው አወጡና ከጥጉ ጀምረው ጀንዲው ላይ ዘረጉት።

«ተኚበት እስቲ» አሉኝ።

ተኛሁ። አናቴን ጥጉ ላይ አስጠጋሁ፣ እግሬን ዘረጋሁ። የሲባጎው ቋጠሮ ከተረከዜ አልፎ ሄዷል። ልኩን አልሞላሁምና እንደገና ሊያወጡኝ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

«እሜቴ፣ ተሳስተዋል» አልኩ። «ይረዝመኛል።»

በርኖሱን እስከ አገጬ ሳቡልኝ። «አልተሳሳትኩም» አሉ። «የለካሁሽ ቀን ስንዝር ጨምሬበታለሁ። ማደጊያሽ ነው።»

ያቺን ስንዝር ለመጨረስ ሦስት ክረምት ፈጀብኝ።